ጧሪና ቀባሪ፤ በቡራዩ የአረጋውያን የመድኃኒት ወጪ ታሪክ

፩. የጥናቱ መነሻ

በአገራችን ሽማግሌ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። ምርቃቱ አጭር ቢሆንም በውስጡ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ይገኛሉ። መጦር ማለት ሰው ጉልበቱ ሲደክም ማብላት፣ ማልበስ፣ ሲታመምም ማስታመም ነው። መቅበር ግን ከሞተ በኋላ የሚደረግለት የመጨረሻ ወግ ነው። እኛ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሣነው ከእነዚህ ከሁለቱ ጉዳዮች አንደኛው፣ ማለትም መቅበሩ፣ ጠንካራ ማኅበር ሲያገኝ ሁለተኛው፣ ማለትም መጦሩ፣ በተለይም የሽማግሌው የመድኃኒት ወጪ፣ ለምን ለረዥም ዘመን ማኅበር ሳያገኝ እንደ ቀረ ለመረዳት ነው።

ጥናታችንን ያደረግነው በቡራዩ ነው። ቡራዩ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ሆለታና ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን በ2022 የሸገር ከተማ አስተዳደር ሲቋቋም ከሰበታ፣ ከሱሉልታና ከሌሎቹ በዋና ከተማው ዙሪያ ካሉ ከተሞች ጋር በዚያው ሥር ተጠቃልላለች። ከተማዋን የመረጥንበት ምክንያት አለን። አንደኛ፣ ቀድሞ በእርሻ ይኖሩ የነበሩ የኦሮሞ አባቶችና እናቶች፣ ከልዩ ልዩ ክፍለ አገር መጥተው የሰፈሩ ሠራተኞች፣ የቤት ኪራይ ሸሽተው ከአዲስ አበባ የወጡ ጡረተኞችም በአንድ ሰፈር ተቀላቅለው ይገኙባታል። ሁለተኛ፣ የከተማዋ ነዋሪ ሲታመም በክልሉ ጤና ጣቢያ ይጀምርና ብዙ ጊዜ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል ይሄዳል። ስለዚህ የመድኃኒት ወጪ ጥያቄ በእርሷ ላይ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

ዓመታቱ ለአንባቢ እንዳይምታቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሰጥተናል።

፪. መድኃኒት ከደጅ በሚገኝበት ዘመን

ከሁሉ አስቀድሞ መታሰብ ያለበት ነገር ቀድሞ መድኃኒት ማለት በአብዛኛው በገንዘብ የማይገዛ መሆኑ ነው። ከቡራዩ በስተ ደቡብ ምዕራብ በሚታየው በወጨጫ ተራራና በመናገሻ ደን የኮሶ ዛፍ ይበቅላል። ዛፉን በኦሮምኛ ሄጦ ይሉታል። አበባው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ሁሉ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ይጠጣው ስለ ነበር አሽከር እንኳ ኮሶ በጠጣበት ቀን ከሥራ ይፈታ ነበር። ኮሶ በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት ወደ አውሮፓ ተወስዶ በዚያ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ እስከ መግባት ደርሷል። የፈረንጅ ሊቃውንትም በቍስጥንጥንያ ይኖር በነበረው ብራየር በተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ስም ጠርተውት ነበር።

ከኮሶ ሌላ እንቆቆና መተሬ ነበሩ። ለተሰበረ አጥንት ወጌሻ፣ ለልዩ ልዩ ደዌ ሥር ማሽ መድኃኒት ዐዋቂ፣ ከዚህ ሁሉ ጋር ጠበልና ጸሎት ነበረ። መድኃኒት ዐዋቂው ዋጋ ቢቀበልም በጥቂቱ ነው፤ አንዳንዴም በእህል ወይም በዶሮ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር እንረዳለን። የቀድሞው መድኃኒት አንድ ጊዜ ተጠጥቶ የሚያበቃ ነበር። በሽተኛው ይድናል ወይም ይሞታል፤ ለሠላሳ ቀን፣ ከዚያም ለሚቀጥለው ሠላሳ ቀን፣ እስከ ዕድሜ ፍጻሜ የሚዋጥ መድኃኒት አይታወቅም ነበር። ስለዚህ መጦር ማለት እህልና ልብስ፣ እንዲሁም አልጋ አጠገብ መቀመጥ ነበር እንጂ በየወሩ ወደ መድኃኒት ቤት ገንዘብ ይዞ መሄድ አልነበረም። ይህንም ልጅ፣ ምራትና ጎረቤት ይችሉታል። ለመድኃኒት ሲባል ማኅበር ያልተቋቋመው አባቶቻችን ማኅበር የማያውቁ ሆነው ሳይሆን ለዚህ የሚያስፈልግ ወጪ ስላልነበረ ነው ብለን እናምናለን።

፫. መድኃኒት ዋጋ ያለው ዕቃ ሲሆን

ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ መጡ። በ1910 ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። በዚያው ዘመን ዶክተር ሜራብ የተባሉ ከጆርጂያ አገር የመጡ ሐኪም በአዲስ አበባ የመድኃኒት መደብር ከፈቱ። እንዲህ እያለ መድኃኒት በጠርሙስ ተሞልቶ፣ ስም ተጽፎበት፣ በጠገራ ብር የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። በመጀመሪያ የደረሰው ለመኳንንቱና ለውጭ አገር ሰዎች ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ገበሬ ግን በኮሶው ቀጠለ።

ከጣሊያን መባረር በኋላ መንግሥት ሥራውን በሰፊው ያዘው። በ1948 የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተቋቋመ። በ1954 በጎንደር የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጽዳት ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ወደየአውራጃው ስለ ላከ ጤና ጣቢያ የሚለው ስም በሕዝብ ዘንድ እየተለመደ ሄደ። በ1961 በአዲስ አበባ የፋርማሲ ትምህርት ተጀመረ፤ በ1964 ደግሞ የመድኃኒት ቤቶችን ሥራ የሚቈጣጠር ደንብ ወጣ። ከጥቂት ዓመታትም በኋላ በጉለሌ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አቅም ለሌለው ሕዝብ እንዲያገለግል ተሠራ። ይህ ሆስፒታል ለቡራዩ ሰው ከሌሎቹ ይልቅ የቀረበ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ ድረስ የከተማዋ በሽተኛ የሚታሰበው እርሱ ነው።

በዚህ ወራት የተደረገ አንድ ነገር ብዙ ሰው ስለ ረሳው ልናነሣው ይገባል። በ1959 መንግሥት በመሬት ላይ የጤና ግብር ጣለ። ይህም ማለት ገበሬው፣ ታመመም አልታመመም፣ ለጤና ሥራ በየዓመቱ ይከፍል ነበር ማለት ነው። በአሳቡ ከዛሬው የጤና መድኅን መዋጮ ጋር ይዛመዳል፤ ልዩነቱ ግን ታላቅ ነው። የጤና ግብር የከፈለ ገበሬ በእጁ የሚይዘው የአባልነት ደብተር አልነበረውም፤ ታሞ ቢሄድ ይህን ያህል ይገባኛል ብሎ መጠየቅም አይችልም። ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ የመሬቱ ሥርዓት ሲለወጥ ግብሩም አብሮ ቀረ።

፬. ጡረታና ዕድር

አሁን ወደ ተነሣንበት ቃል እንመለስ። «ጡረታ» የሚለው ቃል ከ«ጦረ» የወጣ ነው። ስለዚህ በ1961 በወጣው ድንጋጌ፣ ቀጥሎም በ1963 በወጣው አዋጅ መንግሥት ለሠራተኞቹ የጡረታ አበል ሲወስን በቃሉ ፍች የልጅን ተግባር በከፊል ተረከበ ማለት ነው። ነገር ግን የተረከበው ለመንግሥት ሠራተኛውና ለወታደሩ ብቻ ነበር። በግል ድርጅት ለሚሠሩት የጡረታ አዋጅ የወጣው ከዚያ በኋላ ግማሽ ምእት ዓመት ገደማ ቆይቶ በ2011 ነው። በቡራዩ ዙሪያ ያረሰው ገበሬ፣ በቀን ሥራ ያደረው፣ ከእንጦጦና ከመናገሻ እንጨት ተሸክማ ስትሸጥ የኖረችው እናት ግን ከሁለቱም አልገቡም። የጡረታ አበል ያለውም ቢሆን አበሉ ለእህልና ለቤት ኪራይ ስለሚውል ለመድኃኒት የሚተርፈው ጥቂት ነው።

የመቅበሩ ጉዳይ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ዕድር በሃያኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ በአዲስ አበባ እየሰፋ ሄዶ ዛሬ በቡራዩ ዕድር የሌለው ሰፈር የለም ብንል ከእውነት አንርቅም። ዳኛ አለው፤ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ጥሩምባ የሚነፋ ለፋፊ አለው። አባል በየወሩ ይከፍላል፤ ያልከፈለ ይቀጣል፤ የሞተበት ደግሞ ገንዘቡን፣ ድንኳኑንና የሰውን ጉልበት ያገኛል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ከመንግሥት ትእዛዝ ሳይጠብቅ፣ ጐረቤት ጐረቤቱን በማመኑ ብቻ ነው። እንደ ተረቱ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።

እንግዲህ ሕዝቡ መዋጮ ማዋጣትን ከማንም ሳይማር ያውቃል። ለሞት የሚያዋጣ ሕዝብ ለመድኃኒት ያላዋጣው ስለ ምን ነው? በአሸዋ ሜዳ ሰፈር ያነጋገርናቸው አንድ የዕድር ዳኛ እንዲህ ሲሉ መለሱልን። «ልጆቼ፣ ሞት አንድ ጊዜ ነው፤ ወጪውም ይታወቃል። በሽታ ግን ማን ይመጥነዋል? ዛሬ ለአንዱ ስንከፍል ነገ ደግሞ ያው ሰው ይመጣል። ሳጥናችን በስድስት ወር ባዶ ይሆናል።» ነገሩን አጥብቀን ስንመለከተው የዳኛው መልስ ትክክል ሆኖ አገኘነው። ደም ግፊትና ስኳር በየወሩ ኪኒን የሚጠይቁ በሽታዎች ናቸው። አባሎቹ አብረው በሚያረጁበት በአንድ ሰፈር ዕድር ውስጥ የሁሉም ወጪ በአንድ ዘመን ይመጣል። ይህን የሚችለው ወጣቱንና ሽማግሌውን፣ ጤነኛውንና በሽተኛውን በብዙ ሺህ አንድ ላይ የሚይዝ ማኅበር ብቻ ነው።

፭. ከነፃ ሕክምና ወረቀት እስከ መድኅን

በ1975 ቀበሌዎች በአዋጅ ከተቋቋሙ በኋላ አቅም የሌለው ሰው ከቀበሌው የድኅነት ማስረጃ እያወጣ በነፃ መታከም ተለመደ። ወረቀቱ ብዙ ሰው ረድቷል፤ ሆኖም ሁለት ጉድለት ነበረው። አንደኛው፣ ሽማግሌው በታመመ ቍጥር ድኅነቱን ለማስመስከር መመላለሱ ነው። ሁለተኛው፣ ማስረጃው ካርድና ምርመራ ነፃ ቢያደርግም በመደርደሪያ ላይ የሌለ መድኃኒት ማምጣት አለመቻሉ ነው። ሐኪሙ ማዘዣውን ጽፎ «ከውጭ ግዙ» ያለ እንደ ሆነ የነፃ ሕክምናው እዚያ ላይ ያበቃል።

በ1998 መንግሥት የጤና ገንዘብ አያያዝ ስልት አወጣ። በዚህም መሠረት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ከበሽተኛ የሚሰበስቡትን ገንዘብ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ከማስገባት ይልቅ ለመድኃኒት መግዣና ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉት፣ ድኃውም እየተለየ ክፍያው በመንግሥት እንዲሸፈንለት ተደረገ። በ2007 ደግሞ መድኃኒት የሚገዛና ወደየክፍሉ የሚያከፋፍል ኤጀንሲ በአዋጅ ተቋቋመ፤ ይኸው መሥሪያ ቤት ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ይባላል።

ዋናው ለውጥ የመጣው በ2010 ነው። በዚያ ዓመት በአዋጅ ቍጥር 690 የማኅበራዊ ጤና መድኅን ሥርዓት ታወጀ። በ2012 የወጣው ደንብ ተቀጣሪ ሠራተኛ ከደመወዙ 3 ከመቶ፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል፣ ጡረተኛ ደግሞ ከአበሉ 1 ከመቶ፣ መንግሥትም ስለ ጡረተኛው 1 ከመቶ እንዲከፍሉ ወሰነ። ጡረተኛው አነስተኛ መዋጮ እንዲከፍል መደረጉ ሕግ አውጪው የአረጋውያንን ችግር ማሰቡን ያሳያል። ሆኖም መዋጮው ከደመወዝ ሊቈረጥ ነው በተባለ ቍጥር ብዙ ክርክር እየተነሣ ሥራው ከዓመት ወደ ዓመት ሲተላለፍ ኖረ። በዚህም ምክንያት ሕጉ አስቀድሞ ያሰበለት ጡረተኛ ገበሬው ቀድሞት ሲገባ በደጅ ቆሞ ለማየት ተገደደ።

ገበሬው የገባበት በር ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ይባላል። ይህ በ2011 በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። በኦሮሚያ የተመረጡት ግምቢቹ፣ ኩዩ፣ ሊሙ ኮሳና ደደር ነበሩ፤ በአማራ ደግሞ ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ናቸው። በኦሮሚያ የሙከራ ወረዳዎች የአንድ ቤተሰብ መዋጮ በወር 15 ብር፣ በዓመት 180 ብር ሆኖ ተወሰነ። የፌዴራል መንግሥት ከመዋጮው 25 ከመቶ ድጎማ ጨመረ፤ የድኆች ድኃ የተባሉትን ቤተሰቦች መዋጮ ደግሞ ክልሉና ወረዳው ከፈሉ። ከሙከራው በኋላ አሠራሩ ወደ አብዛኞቹ የአገሪቱ ወረዳዎች፣ ቀጥሎም ወደ ከተሞች ተስፋፋ። የመዋጮውም መጠን በየክልሉና በየጊዜው እየተሻሻለ ሄደ።

፮. ዛሬ ሽማግሌው የሚመርጠው

በአሜሪካ አገር ያረጀ ሰው የመድኃኒት መድኅን ሲገባ ከብዙ ኩባንያዎች ዝርዝር አንዱን ይመርጣል። በእኛ አገር ምርጫው ይህን አይመስልም። ወረዳው ያለው አንድ መድኅን ነው። ቢሆንም ምርጫ የለም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በቡራዩ ያየናቸው አረጋውያን የሚጨነቁባቸው ቢያንስ አራት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው በማን ስም ልመዝገብ የሚለው ነው። አባልነቱ በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በቤተሰብ ነው። ቤተሰብ የሚባሉት አባወራና እማወራ ከ18 ዓመት በታች ካሉ ልጆቻቸው ጋር ናቸው። ከልጅዋ ቤት የምትኖር አሮጊት እንደ ተጨማሪ አባል ተቈጥራ ተጨማሪ መዋጮ ይከፈልባታል፤ ወይም የራስዋ ቤት ካላት በራስዋ ስም ትመዘገባለች። ያነጋገርናቸው አንዲት ባልቴት ልጃቸው ካርድ ስላወጣ እርሳቸውም የገቡ መስሏቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ኖሩ። አንድ ቀን ደም ግፊታቸው ተነሥቶ ሲሄዱ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በደብተሩ ላይ እንደሌለ ተነገራቸው። «ልጄ ከገባ እኔ በሆዱ አይደለሁም ወይ?» አሉን። መልሱ የሚያሳዝን ቢሆንም ስሙ በደብተሩ ላይ ያልተጻፈ ሰው አልገባም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጊዜው ነው። ምዝገባውና እድሳቱ የሚከናወነው በዓመት አንድ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ገበሬው እህሉን ከሰበሰበ በኋላ በሚታወጅ ወራት ነው። ይህ ለገበሬው ምቹ ነው፤ ለጡረተኛና ለቀን ሠራተኛ ግን ገንዘቡን አስቀድሞ ጥቂት በጥቂት ማጠራቀም ይጠይቃል። ወራቱ ካለፈ በኋላ የታመመ ሰው የሚመጣውን ዓመት መጠበቅ ሊኖርበት ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው በምን በር ይገባል የሚለው ነው። አባሉ አስቀድሞ ወደተመደበበት ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ያልፋል። ጤና ጣቢያውን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሄደ ሰው ወጪውን በሙሉ ወይም በከፊል ራሱ ይችላል። መድኅኑም የሚከፍለው ውል ለገባበት ተቋም ስለ ሆነ ለቡራዩ ሰው ይህ ነጥብ ከባድ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሻገር በሽተኛ የሚሄድበት ሆስፒታል ከእርሱ መድኅን ጋር ውል እንዳለው ከመሄዱ በፊት መጠየቅ አለበት።

አራተኛው የመድኃኒቱ ነገር ነው፤ እርሱም የጽሑፋችን ዋና ጉዳይ ነው። የጤና መድኅን አባል ለካርድ፣ ለምርመራ፣ ለአልጋና በተቋሙ ውስጥ ለሚገኝ መድኃኒት አይከፍልም። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና ግን በመድኅኑ ውስጥ አይካተቱም። ዓይኑና ጥርሱ ለደከመ ሽማግሌ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከኋላ ቅሬታ ያድነዋል። ከዚህ የሚብሰው ግን መድኃኒቱ ሲታጣ ነው። ከላይ የጠቀስናቸው ባልቴት በሚቀጥለው ዓመት በስማቸው ተመዝግበው፣ በረድፍ ቆመው፣ ታይተው፣ ማዘዣ ከተቀበሉ በኋላ «አምሎዲፒን አልቋል» ተባሉና ከግል መድኃኒት ቤት ገዙ። በሌላው ወር ደግሞ አገኙ። በአንዳንድ ስፍራ መድኅኑ ከከነማ ወይም ከቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት ጋር ውል ስለሚገባ፣ በሌላም ስፍራ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሲቀርብ ገንዘብ ስለሚመለስ ማዘዣውንና ደረሰኙን ሳይጥሉ ማስቀመጥ ይገባል። ሐኪሙም የመድኃኒቱን የኩባንያ ስም ሳይሆን መሠረታዊ ስሙን እንዲጽፍ መለመን ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ያው ኢናላፕሪል ወይም ያው ሜትፎርሚን በብዙ ስምና በብዙ ዋጋ ይሸጣል።

ባልቴቷን «እማማ፣ እንግዲህ ያድሳሉ ወይስ ይተዋሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «በአንዱ ወር ባጣው በሌላው አገኛለሁ፤ አልጋ ከያዝሁማ ልጄ ላሙን ይሸጥ ነበር» አሉን። እኛም ከዚህ የተሻለ የሒሳብ አሠራር ከማንም አልሰማንም። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ አንድ ሰው ለኪኒን በወር 200 ብር ቢያወጣ በዓመት 2,400 ብር ይሆናል። ከመዋጮው ጋር ማነጻጸር ያለበት ይህን ድምር ነው እንጂ የአንዱን ቀን ወጪ አይደለም። በዚያ ላይ መድኃኒቱ ከዓመቱ ወራት በግማሹ ብቻ ቢገኝ እንኳ 1,200 ብር ይተርፈዋል። መዋጮው ከዚህ በታች ከሆነ መግባቱ ይጠቅመዋል፤ የአልጋና የምርመራ ዋስትናው ደግሞ ከዚህ በላይ የሚገኝ ትርፍ ነው።

የጡረተኛው ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በሕጉ የማኅበራዊ ጤና መድኅን ሰው ስለ ሆነ የማኅበረሰቡ መድኅን ይቀበለዋል ወይ የሚለው በየስፍራው መጠየቅ ያለበት ነው። «አይመለከትህም» ቢባል እንኳ ባለቤቱና ልጆቹ በምን እንደሚገቡ ጠይቆ መልሱን ከጽሕፈት ቤቱ ማግኘት መብቱ ነው። የድኆች ድኃ የሆነውም ሽማግሌ መዋጮው በመንግሥት እንዲከፈልለት ስሙ በቀበሌው ዝርዝር እንዲገባ ምዝገባው ሳያልፍ ማመልከት አለበት፤ ዝርዝሩ የሚወሰነው በሰፈሩ ሰዎች ምስክርነት ስለ ሆነ ከቤቱ የማይወጣ ደካማ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

፯. ከሌሎች አገሮች ጋር ሲመዛዘን

በዓለም ላይ ይህን ጥያቄ ቀድማ የመለሰች ጀርመን ናት። በ1883 የሠራተኞች የሕመም መድኅን፣ በ1889 የእርጅና ጡረታ በሕግ አወጣች። እንግሊዝ በ1948 ሕክምናን ከመድኃኒቱ ጭምር ለሁሉም በነፃ አደረገች፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን ለመድኃኒት ማዘዣ ክፍያ ጣለች። አሜሪካ በ1965 ለአረጋውያን የሆስፒታልና የሐኪም መድኅን ስታቋቁም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን ኪኒን ሳትጨምር ቀረች። ያን የጨመረችው በ2003 በወጣ ሕግ ሲሆን ሥራው በ2006 ተጀመረ፤ ይኸውም ከአርባ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በዚያ አገር የሚኖሩ አረጋውያን ወገኖቻችን በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ባለው ጊዜ የመድኃኒት መድኅናቸውን ይመርጣሉ፤ ሌላ መድኅን ሳይኖረው ዘግይቶ የገባ ሰው በዘገየበት ወር ቍጥር ቅጣት እየተጨመረበት ዕድሜውን ሙሉ ይከፍላል።

ከዚህ ንጽጽር ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ሀብታም አገር እንኳ አልጋውን አስቀድማ ኪኒኑን መርሳትዋ ነው። የእኛው መድኅን መድኃኒቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ በውስጡ ስለ ያዘ በሕጉ በኩል ቀድሟል፤ በመደርደሪያው በኩል ግን ገና ነው። ሁለተኛው፣ ጤነኛ ሳለ ያልገባ ሰው ሲታመም ብቻ እንዳይገባ ሁሉም አገር መከላከያ ማድረጉ ነው። ይህ ክፋት አይደለም፤ የታመመ ብቻ የሚያዋጣበት ሳጥን የዕድሩ ዳኛ እንዳሉት በስድስት ወር ባዶ ስለሚሆን ነው።

፰. መደምደሚያ

በቡራዩ ከመድኅኑ የወጡ ሰዎችን ምክንያታቸውን ስንጠይቅ ከሁሉ ይልቅ የሰማነው ቃል «ከፈልሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ግን አልታመምሁም፤ ገንዘቤ ቀለጠ» የሚል ነው። ነገር ግን ያው ሰው ለዕድር ሃያ ዓመት ከፍሎ ሳይሞት በመቅረቱ ገንዘቤ ቀለጠ ሲል ማንም ሰምቶት አያውቅም። ለጐረቤቱ መቀበሪያ እንደ ዋለ ያውቃልና። የጤና መድኅንም በሕዝቡ ልብ ሥር የሚሰድደው ባልታመምንበት ዓመት የከፈልነው ገንዘብ የጐረቤታችንን ደም ግፊት እንዳስታገሠ ያወቅን ዕለት ነው። ለዚህም ታማኝነቱ ከሁለቱ ወገን መምጣት አለበት። ሕዝቡ ጤነኛ ሳለ እንዲያዋጣ የሚጠይቅ መንግሥት ሕዝቡ በታመመ ጊዜ መድኃኒቱን በመደርደሪያው ላይ ማግኘት አለበት። ዕድር ድንኳኑን «አልቋል» ቢል ኖሮ አንድ ዓመት አይቆይም ነበር።

ስለዚህ የቡራዩ ዕድሮች ከመድኅኑ ጽሕፈት ቤት ጋር ቢተባበሩ መልካም ነው እንላለን። ለፋፊው የቀብር ጥሩምባ በሚነፋበት አፉ የምዝገባውን ወራት ቢያስታውስ፤ ጸሐፊው ከልጃቸው ቤት የሚኖሩ አሮጊቶች ስማቸው በደብተሩ መግባቱን ቢያረጋግጥ፤ ከቤት የማይወጡትን ደካሞች ዳኛው ለቀበሌው ቢያመለክት፤ መድኃኒት የታጣባቸውን ቀኖች መዝግበው በአንድነት ቢጠይቁ ብዙ ነገር ይቃናል። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ማኅበር ሳይሆን በነበረው ላይ ትንሽ መጨመር ነው።

አባቶቻችን ጧሪና ቀባሪ ብለው በአንድ ትንፋሽ የመረቁትን ዘመኑ ለሁለት ከፍሎት ቆይቷል። ቀባሪው ከመቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ በየሰፈሩ ተደራጅቶ ይገኛል። ጧሪው ገና በመደራጀት ላይ ነው። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ የኮሌጃችን ተማሪም ወደ ቤቱ ሲሄድ የአያቱን የመድኅን ደብተር ገልጦ ስማቸው መኖሩን ይመልከት ብለን በመለመን እዚህ ላይ እናቆማለን።